የድንኳን ጓደኛ

ፉጨት የጫማዋን ክር ማሰር አቃታት። ሁለቱን ጫፎች ይዛ ታያቸዋለች፣ ታጣምራቸዋለች፣ መልሰው ይፈቱባታል። ድንኳኑ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጠችው ድንቡሼ መጀመሪያ ብርድ መስሏት ነበር። እጇን ስትነካው ግን ሞቃት ነው።

«አምጪ፣ እኔ ልሰርልሽ።»

«ተዪኝ! ሕፃን ነኝ እንዴ?» አለች ፉጨት፤ ምላሷ እየተሳሰረ።

ሌሊቱን ሲያስመልሳት ነው ያደረው። ድንቡሼ በፌስታል እየተቀበለች፣ ሌላው ሰው ሳይነሳ ወጥታ ከድንጋይ ሥር ቀብራዋለች። አሁን እሱ ራሱ አስጠላት። ምን የሚደበቅ ነገር አለውና ነው እንደ ሌባ የተሹለከለከችው?

ፉጨት የሚለው ስም የወጣላት በክፍላቸው እንደ እሷ የሚያፏጭ ወንድ እንኳ ስለሌለ ነው። ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ነበር። ባለፈው ዓመት እሱም ከትምህርት ቤቱ የተራራ ክበብ ጋር በዚሁ መንገድ ሲጓዝ፣ ከፍታው አሞት ላይኛው ሸለቆ ውስጥ ሞተ። ከዚያ ወዲህ አፏጭታ አታውቅም። የሞተበት ቦታ ላይ ጓደኞቹ ድንጋይ ከምረውለታል። እሷም የመኝታ ክፍሉን በር ያስደግፍበት የነበረውን ድንጋይ በካልሲ ጠቅልላ፣ በጃኬት ኪሷ ይዛ መጥታለች። እናቷን ስንት ቀን አልቅሳ ነው ያስፈቀደቻት።

«ዛሬ ከሰዓት እኮ እንደርሳለን» አለች ፉጨት። «ጋሼ ሲጠይቅሽ ደህና ናት ትዪዋለሽ፣ በቃ። ትናንት ብለሽ የለ?»

«ትናንት ራስሽን ብቻ ነበር ያመመሽ።»

«አታካብጂ ባክሽ! ከተናገርሽ እኔና አንቺ በቃን። የእውነቴን ነው።»

ውጭ ሁሉም ሻዩን ይዞ ቆሟል። ጋሼ የሚሉት መሪያቸው ጠዋት ጠዋት ማንንም ስለ ራሱ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ስለ ድንኳን ጓደኛው ነው። ባለፈው ዓመት የፉጨትን ወንድም ራሱን ነበር የጠየቀው። ልጁም እስከ መጨረሻው ጠዋት «ደህና ነኝ» አለው። ጋሼ ፉጨት የማን እህት እንደሆነች ያውቃል፤ ስለ ወንድሟ ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

«ሬዲዮስ እንዴት አደረ?» አለ፤ አፉ የማያርፈውን ልጅ በአገጩ እያመለከተ።

«እሱ ደህና ነው» አለ የድንኳን ጓደኛው። «ሲያንኮራፋ አድሮ እኔን ነው የገደለኝ።»

ሁሉም ሳቁ። ፉጨትም ሳቀች፤ ግን የሳቀችው ሌሎቹ ስቀው ከጨረሱ በኋላ ነው።

«ፉጨትስ እንዴት አደረች?» አለ ወደ ድንቡሼ ዞሮ።

ፉጨት እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ድንቡሼን ታያታለች።

«ሲያስመልሳት አደረ» አለች ድንቡሼ። «የጫማዋን ክር ማሰር አቅቷታል። ትናንትም አሟት ነበር፤ ዋሽቼህ ነው።»

ጋሼ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ፉጨትን ወደ እሱ እንድትራመድ አዘዛት። ክሩ መሬት እየተጎተተ ወደ ጎን ሄደችና የድንኳኑ ገመድ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዛት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«የዕቃ በቅሎዋን አምጡ! አሁኑኑ ወደ ታች እንወርዳለን።»

«ጋሼ፣ ስሞትልህ! ትንሽ እኮ ነው የቀረን» አለች ፉጨት እያለቀሰች።

«እናትሽ ፊት ሁለተኛ ጊዜ መቆም አልችልም» አላት። ወዲያው ወደ ድንቡሼ ዞረ። «ረዳቴ ሌሎቹን ይዞ ይወጣል። ከፈለግሽ ከእነሱ ጋር ሂጂ፤ እሷን የሚደግፍ ሰው አላጣም።»

ፉጨትን በቅሎዋ ላይ ካወጧት በኋላ ድንቡሼ ቀረብ አለች። «ድንጋዩን ስጪኝ፤ እኔ ላድርስልሽ?»

«እንዳትነኪው!» አለች ፉጨት። «ዓይንሽን ማየት አልፈልግም!»

ድንቡሼ ቦርሳዋን አነገተች። ሌሎቹ ወደ ሸለቆው ሲያቀኑ ቆማ አየቻቸውና ቁልቁለቱን ጀመረች። ጋሼ ከፊት በቅሎዋን ይስባል፤ እሷ ከጎን የፉጨትን ቀበቶ ይዛለች። በፉጨት ኪስ ውስጥ ያለው ድንጋይ በየእርምጃው የድንቡሼን ክንድ ይመታል። አመማት፤ እጇን ግን አልቀየረችም።

ጋሼ ዞር ሳይል «እንዴት ናት?» አለ።

የፉጨት ዓይን ሊከደን ጥቂት ቀርቶታል። «ደህና ናት በዪው» አለች በሹክሹክታ።

ድንቡሼ ቀበቶውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«እየባሰባት ነው፣ ጋሼ። እንፍጠን።»