ስፊ የተባለች ቤት

በዚያ ሰፈር ግድግዳ ቢራመድ የሚደነቅ የለም። ልጅ ሲወለድ ጓዳው ይሰፋል፤ ልጅ ሲዳር ይጠብባል። ቤቶቹ የተሠሩት ከሕያው ሸክላ ነው። የየቤቱ ንድፍ ከነልኩ በሚታይበት ሞዴል ላይ አንድ ቁጥር ሲነካ፣ ሸክላው እንደ ቦካ ሊጥ ተነሥቶ ይከተላል። እንዲህ ያለውን ቅርጽ ሰዉ «ልክ ተከተል» ይለዋል፤ አንዱ ልክ ሲቀየር የቀረው ሁሉ የሚታዘዝ ማለት ነው። ነዋሪው በአፉ ያዘዘውንም ቤቱ ይሰማል።

ውብአንቺ እንጀራዋ የተበላሸ ቅርጽ ማቃናት ነው። ያን ቀን የተጠራችው ባላቸውን በቅርቡ ከቀበሩት ከእትዬ የሺመቤት ዘንድ ነበር። መኝታ ቤታቸው እየጠበበ፣ ግድግዳው አልጋቸው አጠገብ ደርሷል።

«እትዬ፣ ሳሎን ይውጡልኝ እንጂ!»

«ከወልደየስ አልጋ አልነሣም። ግድግዳ ነው እንጂ ጅብ አይደል።»

«ጅብስ ሲመጣ ይጮኻል።»

ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሞዴሉን ከፈተች። ስሕተቱ ቀይ ሆኖ ይበራል፤ የደረጃው ማረፊያና የመኝታ ቤቱ ግድግዳ አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብተዋል። ሁለት ጠጣር ነገር አንድ ቦታ ላይ አይቆምምና አንዱ መሸሽ አለበት። የሚሸሸው ግድግዳው ነው፣ ወደ አልጋው። የግድግዳውን ቁጥር ወደ ቀድሞው መለሰችው። ግድግዳው ወደ ኋላ አለ። ዕቃዋን ሳትሰበስብ እዚያው ተመልሶ መጣ።

«አመል አለብሽ» አለቻት ቤቲቱን።

እልኸኛ ናትና አልተነሣችም። ቅርጾቹን ሁሉ ደብቃ አንድ በአንድ መለሰቻቸው። በሩ ደኅና። ደረጃው ደኅና። ማረፊያውን ስትመልስ ቀዩ በራ። ማረፊያው የሚሰፋው እንዲሁ አልነበረም፤ ረጅም ነገር በትከሻቸው ተሸክመው በሚዞሩ ሰዎች ልክ ነው። ውብአንቺ ቀና አለች።

«እትዬ፣ የጋሽ ወልደየስ አስከሬን በየት ወጣ?»

«በየት ይወጣል? በደረጃው ነዋ። ሳጥኑ አልዞር ብሎ አቁመው አወረዱት፤ እንደ ቁም ሣጥን! እንዲያ ያለ ሰው!»

«ያን ጊዜ ምን አሉ?»

«ምን እላለሁ? አለቀስኩ።»

«ሙሾ አወረዱ?»

እትዬ የሺመቤት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያለ ዜማ፣ ቀስ ብለው አሉት፦

«ስፊ አንቺ ቤት ስፊ፣ ምነው ጠበብሽበት፣
እሱን ስትሸኚ፣ እኔን አስከትዪለት።»

ግድግዳው አንድ ጣት ያህል ወደ ፊት መጣ።

ውብአንቺ ዘላ ተነሣች። ለቅሶ ላይ «እኔንም ይውሰደኝ» የማይል ማን አለ? ለቀስተኛው «ተዪ» ብሎ ክንድ ይይዛል እንጂ «እሺ» ብሎ ጉድጓድ ውስጥ አይከትም። ይቺ ቤት ግን እሺ ብላለች።

«ማረፊያው የሚሰፋው ለእርስዎ ሳጥን ነው፣ እትዬ። በእርስዎ ቃል የመጣ በእኔ አይመለስም። ይሻሩት!»

«እውነቴን ነበር እኮ፣ ልጄ።»

«ይሁን። አሁንስ?»

ግድግዳው ነክቶት የአልጋው እንጨት ሲጢጥ አለ። እትዬ የሺመቤት እጃቸውን ዘርግተው ሸክላውን ዳሰሱት። እንደ ሰው ገላ ይሞቃል።

«ያን ሁሉ ሰው ሲያጽናናኝ፣ ቃሌን ያመንሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አሏት ቤቲቱን። ቀጥለውም፣ «ተዪው በቃ። እኔ ትንሽ እቆያለሁ» አሉ።

ግድግዳው ቆመ። ቀዩ ጠፋ። ውብአንቺ ማረፊያውን ወደ ድሮው ልክ ልትመልስ ስትል ግን እጇን ያዙት።

«እሱን እንዳትነኪው። ማንም ቆሞ አይወርድም ከእንግዲህ።»

ወደ ቤቷ ስትሄድ ስለ ሰው አፍ እያሰበች ነበር። የተናገረውን ቀብር ላይ ጥሎት ይመለሳል፤ ባይጥለውማ ማን ይተርፋል? እናቷን የቀበረች ለት እሷስ ቤት ውስጥ ምን ብላ ነበር? አላስታወሰችም።

ደጃፏ ደረሰች። በሩ ሳትነካው ተከፈተላት፤ ጠዋት ከነበረው ሰፍቶ፣ በሳጥን ተሸካሚዎች ልክ።