ያልለሰለሰው ስፍራ

ከጧቱ አንድ ሰዓት ነበር፤ ጉሙ ከሰቆጣ ላይ አልተነሣም፣ ጤዛውም ከቆርቆሮው ጠርዝ ይንጠባጠብ ነበር።

መቶ አለቃ ወልደ ጻድቅ በከተማው ዳር ከተሠራው አዲስ ክሊኒክ ሲደርስ አንድ ፖሊስ በሩን ይጠብቃል። በኋለኛው ክፍል ጥግ የወለል ሥራ ተቋራጩ አሥራተ ማርያም ጋቢውን እንደ ለበሰ በጀርባው ተዘርግቷል። ከራሱ በላይ ያለው የመስኮት ድንጋይ በደም ጠቁሯል። አጠገቡ አንድ መሰላል ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ወለሉ ትናንት የፈሰሰ የሲሚንቶ ሊሾ ነው፤ ከጥጉ እስከ በሩ እንደ ረጋ ውሃ ለስልሷል።

አስከሬኑን አገኘሁ ያለው ምንዋጋው ነው፤ የሟቹ ሚስት ወንድምና የሥራው ረዳት።

«ትናንት ሳይመሽ ሁለታችን ብቻ ጨረስን፣ ጌታዬ» አለ። «እኔ አቡክቼ አቀረብኩ፣ እሱ አለሰለሰ። ማለስለሻውን ለማንም አይሰጥም። ሲሚንቶውን ልጠብቅ ብሎ ፊት ለፊት ባለው ክፍል አደረ። ሲነጋ ኮርኒሱን ሊያይ ወጥቶ ወድቋል።»

«አስከሬኑን ነካኸው?»

«አልነካሁም።» እጆቹን ከጋቢው ውስጥ ከተተ።

የኢንሹራንስ ወኪሉ ገብረ አምላክ ከደሴ ከመጣ ሦስት ቀኑ ነው። ከሆቴል ሲጠራ ቦርሳውን ታቅፎ መጣ።

«አሥራተ ማርያም ሥራዬ ሰፋ፣ ዋስትና ልግባ ብሎ ጻፈልኝ። ሁለት ዓይነት ውል ይዤለት መጣሁ። አንዱ የሚይዘው የገዛ ሕይወቱን ብቻ ነው፤ በምንም ምክንያት ቢሞት ሚስቱ ትካሳለች። ሁለተኛው የሥራ ላይ አደጋ ነው፤ እሱንም አምስት ሠራተኞቹንም ይይዛል። አቅሙ ለአንዱ ብቻ ነበር።»

«የቱን መረጠ?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ፈረመ። የሚስቱ ወንድም የሕይወቱን ግዛ እያለ ሲሟገተው ሰንብቷል። እሱ ግን የዚያን ዓይነ ስውር ስም እየጠራ እኔን አደከመኝ።»

«ከመሰላል ወድቆ ከሆነ ሚስቱ ትካሳለች?»

«ትካሳለች። ሰው ገድሎት ከሆነ ግን በዚህ ውል ምንም የላትም።»

ዓይነ ስውሩ ደርቤ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በአሥራተ ማርያም ሥራ ላይ ሳለ የፈላ ኖራ ዓይኖቹን አጠፋቸው። ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይቀመጣል። መቶ አለቃው ከአጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«አያ ደርቤ፣ አሥራተን ይረግሙት ነበር ይባላል።»

«በየቀኑ። እሱም በየቀኑ ምሳዬን ይዞ ይመጣ ነበር። ኖራው ዓይኔን እንጂ ምላሴን አልነካውም ስለው ይስቃል።» ሽማግሌው ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። «ዛሬ ምሳ አልመጣም።»

«የሠራውን ወለል በእጅዎ ዳስሰው ያውቁታል?»

«ሚስቱ መልኩን ከምታውቀው በላይ።»

መቶ አለቃው ሲመለስ የሟቹ ሚስት ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከክሊኒኩ በር ቆማ ጠበቀችው።

«ጌታዬ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ። ወድቆ ነው ብለው ይጻፉልኝ።»

«ሌላ ነገር ያውቃሉ?»

«ማወቅ አልፈልግም። እሱ አይመለስም። ልጆቼ ግን ነገም ይርባቸዋል።»

ወልደ ጻድቅ ገብቶ ከፖሊሱ ጋር አስከሬኑን አነሣ። ጋቢው በቀላሉ አልነሣም አለ። ከሥሩ ያየውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ ከዚያ ሁሉንም አስጠራ።

አራቱ በኋለኛው ክፍል ተሰበሰቡ። ደርቤ ተንበርክኮ መዳፉን በወለሉ ላይ ቀስ ብሎ አስኬደ። ሁለት ጊዜ ተመለሰበት።

«ይኼ የአሥራተ እጅ አይደለም» አለ። «አሥራተ ይጫናል። ይኼኛው እጁ ቀላል ነው፤ ማለስለሻው በዞረበት ሁሉ መስመር ትቷል። ግን አሥራተ ያስተማረው ሰው ነው።»

«ዕውር ምስክር ሆነና!» አለ ምንዋጋው።

«የሚያይ ሰው ምስክርም አለ» አለ ወልደ ጻድቅ። «ከመሰላሉ እግሮች ሥር ስርጉድ የለም። ስለዚህ መሰላሉ የቆመው ሊሾው ከደረቀ በኋላ ነው። እስከዚህ ቃልህ ልክ ነው። ሆኖም ሰውየው በደረቅ ወለል ላይ ቢወድቅ ጋቢው ሲሚንቶ ውስጥ አይጣበቅም ነበር። ክሮቹ ያውና፣ እዩት። የወደቀው ሊሾው ገና እርጥብ ሳለ ነው፤ ትናንት። አስከሬኑ የነበረበት ስፍራ ሸካራ ነው፣ ዙሪያው ግን ለስልሷል። የወለል ሠራተኛ ከጥግ ይጀምርና ወደ በሩ እያፈገፈገ ይወጣል። አንድ ሰው አሥራተ ማርያም እዚህ ተዘርግቶ ሳለ ዙሪያውን እያለሰለሰ እስከ በሩ ወጥቷል።»

ወለተ ጊዮርጊስ ግድግዳውን ያዘች።

«ወኪሉ ማለስለሻ ይዞ አያውቅም። አያ ደርቤ ያለ መሪ ደጁን አይለቁም፤ ትናንትም መሪ አልነበራቸውም። ትናንት ከአሥራተ ጋር እዚህ የነበረ፣ ሙያውንም ከእሱ የተማረ አንድ ሰው ነው። የውሉን ምርጫ አጥብቆ የተቃወመውም እሱው ነው። ምንዋጋው፣ ማለስለሻውን የያዝከው አንተ ነህ።»

ምንዋጋው ቁጭ አለ።

«ደም ይተፋ ነበር» አለ። «ለኔና ለእኅቴ እንጂ ለማንም አልተናገረም። ፈረምኩ ሲለኝ፣ በሽታው ሲገድልህ እኅቴ ምን ትብላ አልኩት። ደርቤን እያየህ እንዴት እንዲህ ትላለህ አለኝ። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገፋሁት።»

«ለምን አለሰለስከው?»

«ዱካችንን ላጥፋ ብዬ ነው የጀመርኩት። ኋላ ግን... ሲሚንቶው እየደረቀ ነበር፣ ጌታዬ። ሥራው የእሱ ነው። ተበላሽቶ ሲቀር ማየት አልቻልኩም። እሱን ማንሣት ግን ፈራሁ። መሰላሉን ሌሊቱ ሲነጋ አቆምኩት፤ በሥራ ላይ ወደቀ እንዲባል፣ እሷ እንድትካስ።»

«ለኔ ብለህ?» አለች ወለተ ጊዮርጊስ።

ምንዋጋው ቀና ብሎ አላያትም። ገብረ አምላክ ውሉን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

መቶ አለቃው እዚያው ቆሞ ቃሉን ጻፈ። ሲጨርስ ወለተ ጊዮርጊስን አያት፤ እሷ የጋቢውን ክሮች ከሊሾው ላይ አንድ በአንድ ትለቅም ነበር።

አሥራተ ማርያም በዚያው ቀን ተቀበረ። በማግስቱ ምንዋጋው ወደ ኮረም በሚሄደው የጭነት መኪና ታስሮ ተላከ። የመንገዱን ስንቅ ያዘጋጀችለት ወለተ ጊዮርጊስ ናት።