የአባት ስም ግዴታ ነው

ዳታቤዙ አባቱ ያልታወቀ ሕፃን አልመዘግብም አለ። ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም፤ የኢንጂነሯ ነው። ስትቸኩል የሠራችው ነው፤ እሷ ደግሞ የማትቸኩልበት ጊዜ የለም።

የሕፃናት ክሊኒኩ የክትባት መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሊያዛውር ሲወስን ሥራው ለእሷ ተሰጠ። መዝገቡን የሚይዘው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ የተቀመጠው የክትባት ማቀዝቀዣው ባለበት ጠባብ ክፍል ነበር፤ ቀዝቃዛ አየርና የማይቋረጥ መብራት ያለው ሌላ ክፍል አልተገኘም። መጀመሪያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ ሊኑክስን፣ ጫነችበት። ዳታቤዙን አስከተለች፤ ምናልባት መብራት ቢጠፋ እንኳ ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ አዘዘችው። ከዚያ ሠንጠረዦቹን ሠራች፤ የእናቶች፣ የሕፃናት፣ የክትባቶች። እያንዳንዱን ሕፃን ከእናቱ ጋር አያያዘች። የአባት ስም ጋ ስትደርስ ሁለቴ ሳታስብ «ግዴታ» ብላ አለፈች።

የክትባት ክፍሉን ኃላፊ፣ ነርሱን፣ የተዋወቀችው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። መድኃኒት ሊወስድ በገባ ቁጥር አንድ ነገር ይላታል።

«ኢንጂነር፣ በሩን!»

«በሩ ምን ሆነ?»

«ቅዝቃዜው ይወጣል። የኔ መድኃኒትም ያንቺ ማሽንም ሙቀት አይወዱም።»

«አንተስ?»

«እኔማ ሙቀት ፍለጋ ነው እዚህ የምመላለሰው።»

ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጥቁሩ ስክሪን ዞረች። በማግስቱ ጃኬቱን ወንበሯ ላይ ጣል አድርጎላት ሄደ። እሷም ለበሰችው። ሥራው ሳያልቅ ልቧ ቀድሞ ሄደ።

በርክክቡ ቀን ጠዋት የተመዘገበውን ልትፈትሽ ተቀመጠች። አንዲት ሕፃን ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ። የአባት ስም በሚለው ቦታ ላይ የነርሱ ስም ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። የእናትየዋን ስም አየች፤ የማታውቃት ሴት ናት።

ጃኬቱን አውልቃ ወንበሩ ላይ ሰቀለችው።

«ኢንጂነር፣ በሩን!» እያለ ገባ።

«ራስህ ዝጋው።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ልጅህ እንዴት ናት?»

«የትኛዋ?»

«የትኛዋ?! ብዙ ናቸው እንዴ?»

ነርሱ ጣቱን እያጠፈ መቁጠር ጀመረ። «መንትዮቹ፣ ያቺ አልቃሻዋ፣ ያ ጸጉራሙ…» ፊቷን አየና መቁጠሩን ተወው። «አንቺ አይደለሽ እንዴ የወለድሽልኝ!»

«ምን?»

«እናትየዋ ልጇን ታቅፋ ፊቴ ቆማለች። ‹አባቷስ?› ስላት አቀረቀረች። ባዶውን ልለፈው ስል ማሽንሽ በቀይ ‹የአባት ስም ግዴታ ነው› አለኝ። ብሞክር፣ ብሞክር፣ ያው ነው። እሷም አነበበችው። ልጇን ሳታስከትብ ልትወጣ ስትነሳ የራሴን ስም ጻፍኩበት፤ ለሌሎቹም እንደዚያው።»

«ነጥብ ነገር አታደርግበትም ነበር?»

«እኔ እኮ በሙሉ ስማቸው ጮክ ብዬ ነው የምጠራቸው። ሰው በሞላበት አዳራሽ ‹ነጥብ› ብዬ ልጥራ?» ድምፁ ዝቅ አለ። «ልጅ ሆኜ አስተማሪው ስም ሲጠራ እኔ ጋ ሲደርስ ቆም ይል ነበር። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ያየኛል። እናቴ የራሷን አባት ስም እስክትሰጠኝ ድረስ።»

ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«ልነግርሽ ነበር። ከነገርኩሽ ግን ታስተካክዪዋለሽ። ካስተካከልሽው ሥራሽ ያልቃል፤ ካለቀ ትሄጃለሽ።»

ዞራ አንዲት መስመር ጻፈች፤ ግዴታው ተነሳ። ያንን ሁሉ ሴት ያሳቀቀው ነገር በአንዲት መስመር ተነሳ። ከዚያ የነርሱን ስም ከየሕፃናቱ ላይ እየፈለገች አነሳች። ሁሌ ብትቸኩልም፣ እዚህ ላይ ጣቷ አልፈጥን አለ።

«አመሰግናለሁ» አለች። ይህ ቃል እንደ ዋዛ ከአፏ የሚወጣ አልነበረም።

«ስለ ምኑ?»

«ልጆቹ ሳይከተቡ ስላልሄዱ።»

ከወንበሩ ተነስታ አስቀመጠችው። «በል፣ የይለፍ ቃሉን አንተ ቀይረው። ከዛሬ ጀምሮ መዝገቡ በአንተ እጅ ነው፤ እኔ ማወቅ የለብኝም።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከኋላዋ የቁልፎቹን ድምፅ ሰማች።

«ጨረስኩ» አለ ነርሱ፣ እንዳዘነ ሰው።

«እንግዲህ እኔም እዚህ ሥራ የለኝም።»

ከወንበሩ ላይ ጃኬቱን አንስቶ ዘረጋላት። «ውጭ ይበርዳል። ልበሺውና ነገ ትመልሽልኛለሽ።»

«ነገ አልመልስም።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«እሱንም እንጃ።» እጅጌውን አጠለቀች። ሊጠይቃት የፈለገውን ከዓይኑ አነበበች፤ እስኪጠይቃት ግን አልታገሰችም። «ሥራህን ስትጨርስ ደጅ እጠብቅሃለሁ። እንዳትቆይ፤ መጠበቅ አልችልበትም።»

«ኢንጂነር…»

«አውቃለሁ» አለችና ወጣች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ፣ ግጥም እስኪል ድረስ ዘጋችው።