የአሥራ አራት ልጆች ክፍል

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ የዓፊያን ነገር ላጫውታችሁ።

መምህር እንድሪስ የሒሳብ ፈተናውን መልሰው ጨርሰዋል። የአሥራ ሦስቱ ልጆች ወረቀት ላይ ውጤት አለ፤ የዓፊያ ላይ ግን ቁጥር የለም። «ከክፍል በኋላ ቆዪ» ይላል ብቻ።

ዓፊያ ከከሚሴ ወጥታ ጨፋ ሮቢት አጠገብ ወዳለችው ወደዚች ትንሽ ትምህርት ቤት ከመጣች ገና ወሯ ነው። ከሚሴ እያለች ክፍሏ ሰማንያ ሰባት ተማሪ ነበረው። በአንድ ለአምስቱ ቡድን መሪዋ ዘምዘም ትሠራለች፣ ዓፊያን ጨምሮ አምስቱ ይገለብጣሉ። እንዲህ እንዲህ እያለች፣ አስተማሪ ስሟን ሳያውቅ ስምንተኛ ክፍል ደረሰች። እዚህ ግን ብታዛጋ እንኳ ትታያለች። አባቷ ደግሞ ትናንት፣ «ካልተመቸሽ ቅዳሜ ከሚሴ አክስትሽ ዘንድ እመልስሻለሁ፤ ነገ ቁርጡን ንገሪኝ» ብሏታል።

መኮረጇን ማን ነገረባት? አጠገቧ የምትቀመጠው ነጅዋ ናታ! ልጆቹ ሲወጡ ዓፊያ የነጅዋን ክንድ ያዘች።

«ወላሂ፣ አንቺ ነሽ የነገርሻቸው!»

«ምኑን?»

«መኮረጄን! ጠዋት ብስኩት ያካፈልሽኝም ለዚሁ ነው።»

ነጅዋ ሳቋ አመለጣት። «አቦ ተይኝ! ሦስት አራተኛና አንድ ሁለተኛ ሲደመር አራት ስድስተኛ ብዬ ጻፍኩ። አንቺም አራት ስድስተኛ! ስህተቴን እንኳ አልተውሽልኝም። ከአሥራ አራት ሰው መሀል ይሄ ነጋሪ ይፈልጋል?»

ዓፊያ አልሳቀችም። አላመነቻትምም።

«ኮቱ፣ ነይ ልጄ» አሉ መምህሩ አግዳሚውን እያሳዩ። «ነጅዋ፣ አንቺም ቁጭ በይ።»

«ሊያባርሩኝ ነው?» አለች ዓፊያ።

«የለም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ክፍልፋይ የጠፋብሽ ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ ነው?»

ወጥመድ መሰላት። እውነቱን ብትናገር ነገ ለክፍሉ ሁሉ ቢያወሩባትስ? ከሚሴ ቢሆን አንገቷን ደፍታ ከሰው ጀርባ ትደበቅ ነበር። እዚህ ከፊቷም ከኋላዋም ባዶ አግዳሚ ነው።

«ከአምስተኛ» አለች በመጨረሻ። «ግን ለማንም እንዳይናገሩብኝ።»

«ነጅዋ ሰማችሽ እኮ።»

«እኔማ አራት ስድስተኛ ያልኩ ሰው፣ በምን አፌ!» አለች ነጅዋ።

መምህሩ ጠመኔ አነሱ። «እንግዲያው ሁለታችሁም ጠዋት ጠዋት ከደወል በፊት ኑ። ከአምስተኛ እንጀምራለን።»

ቤት ስትደርስ አባቷ የማሽላ ከረጢት እየሰፋ ነበር።

«እህ፣ ቁርጡስ?»

ዓፊያ ደብተሯን አስቀመጠች። መምህሩን አሁንም በደንብ አላመነቻቸውም፤ የነጅዋም ሳቅ ገና ይቆረቁራታል።

«ቅዳሜ አልሄድም፣ አባ» አለች። «ነገ ግን በጊዜ ቀስቅሰኝ።»

እናንተም ልጆቼ፣ በተጨናነቀው ክፍላችሁ ጥግ አንገቷን ደፍታ የምትቀመጥ ልጅ ካለች፣ አደራ፣ ስሟን አስታውሱልኝ።