ቆጣሪ የሌለው ኃይል

«የኃይል ፍጆታ፦ ዜሮ!» አለ ሊቀመንበሩ፣ ዕጣ እንደወጣለት ሰው ፊቱ በርቶ። «በእጅ ማጠብ አሥር ከአሥር። ጸሐፊ፣ ጻፊ እንጂ!»

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ እንደደቀነች ቀረች።

የአካባቢ ጥበቃ ክበቡ የሚዳኘው ለአዳሪ ተማሪዎች ማደሪያ በስጦታ ሊመጣ የታሰበውን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበር። ርእሰ መምህሩ «እናንተ ያላችሁት ይሆናል» ብለዋል። መመዘኛውን ያወጡት ራሳቸው አባላቱ ናቸው፦ ስንት መብራት ይበላል? ሲበላሽ እዚሁ ይጠገናል? ለሁሉም እኩል ይጠቅማል? ማሽኑ ገና በመጀመሪያው ጥያቄ አፈር በላ።

«ዓለም ‹በቃኝ› ማለት መልመድ አለባት» አለ ሊቀመንበሩ። እሱ ካልሲውን አልጋው ሥር ይወረውራል፤ ታጥቦ ያገኘዋል። እንዴት እንደታጠበ ጠይቆ አያውቅም።

በየሳምንቱ መቶ ሃያ አንሶላ የምታጥበው የጸሐፊዋ እናት መሆኗን ከክበቡ ማንም አያውቅም። ዛሬ ጠዋት የእናቷ ጣቶች አልታጠፍ ብለው የሹራቧን ቁልፍ የቆለፈችላት ልጅቷ ናት።

«እማ፣ ማሽኑ ይምጣ ልበል?» ብላ ጠየቀቻት።

እናቷ ክው አለች። «አደራሽን ልጄ! ያ ብረት ከመጣ እኔን ማን ዞር ብሎ ያየኛል? አርፈሽ ተቀመጪ!»

አሁን ይምጣ ካለች የእናቷን ሥራ፣ አይምጣ ካለች የእናቷን እጅ ልታሳጣ ነው።

«ኧረ ጸሐፊያችን ፈዛለች!» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው የልብ ጓደኛዋ። «ዜሮ መጻፍ እንዲህ ያስምጣል እንዴ?»

«ዜሮ አይደለም» አለች ልጅቷ፣ ቀስ ብላ። «የምታጥበው ሴትዮ ጉልበትስ?»

«አታካብጂ ባክሽ» አለ ሊቀመንበሩ። «ሰው እኮ ቆጣሪ የለውም!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ጓደኛዋም ሳቀች። በመስኮቱ ማዶ እናቷ ጣቷ እምቢ ስላላት እርጥቡን አንሶላ በክንዷ ጠቅልላ ስትጨምቅ ትታያለች።

ልጅቷ ተነሳች።

«ወዴት ነው? ስብሰባው አላለቀም!»

«እናቴን ልጠራ። አንሶላችሁን የምታጥበውን።»

ሳቁ ቀጥ አለ። እሷ ግን ፊታቸውን ለማየት አልቆመችም።

እናቷ ልጇ ወደ እሷ ስትመጣ ገና ከሩቅ ነገሩ ገባትና ራሷን ነቀነቀች፤ ተይ፣ ተመለሺ። ልጅቷ አልተመለሰችም። እናቷ እዚያ ገብታ ምን እንደምትል አታውቅም። ማሽኑ አይምጣብኝ ትል ይሆናል። ትበል፤ ብቻ እሷው ራሷ ትበል።

የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘች።

«መጀመሪያ ይህን እንጭመቅ» አለች፤ «ከዚያ አብረን እንገባለን።»