ቀለሙ ያልደረቀ ቁም ሳጥን

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን መጀመሪያ ያዙልኝ። አገር ቤት እያለሁ እንኳን ሰው ሰብሰብ ብሎ ስለ ጥላ፣ ስለ ድምፅ፣ ሰው አልባ ስለሆነ ቤት ሲያወራ «ማን አየ? አንተ በዓይንህ አይተሃል?» እያልኩ ጨዋታ የማበላሸው እኔ ነበርኩ፣ በጨለማ ጓሮ ሄዶ ልብስ ከገመድ ላይ የሚያነሳ ሲጠፋም የምላከው እኔው ነኝ። ባለቤቴ በረከት የቸርች ሰው ነው፣ ለሁሉም ነገር ይጸልያል፣ እኔ ግን መብራት ሲጠፋ ቆጣሪ የማይ ዓይነት ሰው ነኝ። የምነግራችሁን ያየሁት ታዲያ እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ፣ እንቅልፍ ላይ አልነበርኩም፣ አልታመምኩም፣ ደግሞም ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ በጠራራ ፀሐይ ባልልም፣ የሲያትል ኅዳር ቀን ነው ከተባለ በቀን ነው።

ሲያትል አጠገብ፣ ዴ ሞይን የተከራየነው ቤት ሁለት መኝታ ክፍል አለው፣ ሁለተኛዋ ክፍል ግን ጠባብ ናት፣ ልብስ ማስቀመጫም የላትም። ልጃችን ኤልዳና፣ እኔ ኤልዲ የምላት፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የምትተኛው እኛ መሃል ነበር፣ እንግዲህ ልጅቷ አድጋለች፣ የራሷ ክፍል ይኑራት ተባባልን። እሷ ብቻዋን መተኛቱን ፈርታዋለች፣ እኔም «እንደ ልዕልት ክፍል አደርግልሻለሁ» ብዬ ቃል ገባሁላት። በዚያው ሰሞን ከሥራ ስመለስ፣ ሰዎቹ ለቀውት የወጡ ቤት በር ላይ፣ መንገድ ዳር፣ «ፍሪ» የሚል ካርቶን የተለጠፈበት ቁም ሳጥን አየሁ። ሁለት በር ያለው፣ ጠንካራ እንጨት፣ አሁን ተገጣጥሞ ከሚሸጠው ቀላል ነገር ጋር የማይገናኝ። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ እዚያው ለበረከት ደወልኩ፣ የጓደኛውን ፒክአፕ ይዞ መጣ፣ ዕቃውን ሲያየው ፊቱ ጠቆረ።

«ሶ፣ ሰው የጣለውን ቤት ልናስገባ ነው?»

«የጣለው ሰው ዓይን የለውም» አልኩት፣ «አንተ ብቻ ቤታችን ጋራዥ አድርስልኝ፣ ሌላውን ለእኔ ተወው።»

ዩቲዩብ ላይ ያላየሁት የዕቃ እድሳት ቪዲዮ አልነበረም፣ ስለዚህ ሞያው ገብቶኛል ባይ ነበርኩ። ብርጭቆ ወረቀት ገዝቼ ከሥራ መልስ ማታ ማታ የድሮውን ቀለም መፈግፈግ ጀመርኩ፣ ነጩ ሲነሳ ከሥሩ አረንጓዴ መጣ፣ አረንጓዴው ሲነሳ ሮዝ፣ ከሮዙ ሥር ደግሞ ሰማያዊ፣ ስንት ልጅ እንዳሳደገ እንጃ እያልኩ ለብቻዬ እስቅ ነበር። የመጀመሪያውን ነገር ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። እየፈገፈግኩ ድንገት እጄን ሳቆም፣ ፍግፈጋው ከእኔ ትንሽ ዘግይቶ ይቆማል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ጋራዥ ስለሆነ ያስተጋባል አልኩ፣ ደግሞ ቤታችን ለኤርፖርቱ ቅርብ ነው፣ በላያችን የሚያልፈው አውሮፕላን ግድግዳውን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል፣ ለድምፅ ምክንያት አይጠፋም። እመኑኝ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጆሮዬን ወደ በሩ አስጠግቼ ስሰማ ግን አውሮፕላን አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ የቤታችንን ነገር ማወቅ አለባችሁ። ልጄን ስጠራት «ዋት?» ትለኛለች፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ ዓይኗን ከስክሪን ሳታነሳ፣ ይሄ ነገር ደሜን ያፈላዋል። እኛ ስንጠራ «አቤት» ብለን ተነስተን እየሮጥን ነው ያደግነው፣ ልጄ ከዚህ ሌላ ነገር ከእኔ ባትወስድ እንኳን ይህችን ትውሰድ ብዬ ቆርጬ ነበር። «ሰው ሲጠራሽ አቤት ይባላል፣ ወደ ጠራሽ ሰውም ትሄጃለሽ» ስላት ከርሜአለሁ፣ በልምምድ መልክ ከኩሽና እየጠራኋት፣ ከመኪና እየጠራኋት፣ እሷ ደግሞ ከአባቷ የወረሰችው ግትርነት አለባት፣ «ዋት?» ብላ ትስቅብኛለች።

ታዲያ በዚያ ሰሞን አንድ ማታ ስፈገፍግ ኤልዳና ጋራዡ በር ላይ መጥታ ቆመች፣ «ዋት?» አለችኝ።

«ምን ዋት ትይኛለሽ?»

«ዩ ኮልድ ሚ።»

«አልጠራሁሽም እኮ።»

ትከሻዋን ሰብቃ ተመለሰች። በማግስቱ ማታ እንደገና መጣች፣ አሁን ተናዳለች፣ የምትቀባበትን እርሳስ በእጇ እንደያዘች «እማዬ፣ ስቶፕ ኮሊንግ ሚ!» ብላ ጮኸችብኝ፣ እኔም ጮኽኩባት፣ መቀለድ የጀመረች መሰለኝ። ያን ጊዜ ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ «በምን ድምፅ ነው የጠራሁሽ?» ብዬ ብጠይቃት ኖሮ ምን ትለኝ እንደነበር አሁን ድረስ አስባለሁ።

ቅዳሜ ዕለት በረከት ሥራ ነበር፣ እስከ ማታ አይመጣም። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ አሥር ሰዓት ሳይሆን አምፖል ማብራት ግድ ሆነ። እጀታዎቹን በካቻቢቴ ፈትቼ አወጣሁ፣ ውስጡን ቀድሜ ቀብቼ አድርቄው ስለነበር የቀረኝ ውጪው ነው፣ ሁለቱንም በሮች ከላይ እስከ ታች፣ ጠርዛቸው ሳይቀር፣ ወተት በመሰለ ነጭ ቀባኋቸው። እርጥብ ቀለም በር ከተዘጋ ይጣበቃል፣ ስለዚህ በሮቹን ገርበብ አድርጌ መሃላቸው የታጠፈ ካርቶን ወሸቅኩ። ቆም ብዬ አየሁት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በራሴ ኮራሁ። ከዚያ ብሩሹን ላጥብ ወደ ኩሽና ገባሁ፣ ኤልዳና ሳሎን ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ ሥዕል ትቀባለች፣ ሳልፍ እግሯን ተሻግሬ ነው ያለፍኩት።

ውሃውን እንደከፈትኩ ሰማሁ።

«ኤልዲ!»

ከጋራዡ ነው። ድምፁ የእኔ ነው። በቴሌግራም የላካችሁትን የድምፅ መልእክት መልሳችሁ ስትሰሙ «እኔ እንዲህ ነኝ እንዴ?» የምትሉት ድምፅ አለ አይደል፣ እሱ ነው፣ ቁርጥ እሱ፣ ሲደክመኝ መጨረሻው ላይ የማላላው ሳይቀር። ብሩሹን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያን ጊዜ ከሳሎን፣ ልጄ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጥርት አድርጋ፣ «አቤት!» አለች።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለአፍታ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ውሃውን ሳልዘጋ ሮጥኩ፣ ሳሎን ደረስኩ፣ ሥዕሉ አለ፣ እርሳሱ አለ፣ ልጅቷ የለችም። ከኩሽና ሳሎን ስንት እርምጃ ነው? ትንሽ ቤት ነው ያለነው።

ጋራዡ ውስጥ አምፖሉ በርቷል። መኪና መግቢያው በር ተዘግቷል። ቁም ሳጥኑም ተዘግቷል፣ ሁለቱም በሮች ግጥም ብለው፣ የወሸቅኩት ካርቶን ፊት ለፊት መሬት ላይ፣ ሰው አስተካክሎ እንዳስቀመጠው። ቀለሙ ላይ አንዲት የጣት ምልክት የለም፣ ከአምፖሉ ሥር እርጥቡ ያብረቀርቃል፣ ልክ ብሩሼን እንዳነሳሁት።

«ኤልዲ!» አልኩ፣ ይሄኛው እኔ ነኝ።

«አቤት» አለች፣ ከውስጥ።

እጀታ የለውም! እጀታውን ፈትቼ የጣልኩት እኔ ነኝ! ጥፍሬን በበሮቹ መሃል ለማስገባት ታገልኩ፣ ቀለሙ ተንሸራተተብኝ፣ እስከ ክርኔ ነጭ ሆንኩ፣ «መጣሁ እናቴ፣ ግፊው፣ ከውስጥ ግፊው!» እላለሁ፣ እሷ መልስ መስጠት አቆመች። በዚያ ሰዓት አውሮፕላን በላያችን ያልፋል፣ ምንም አይሰማኝም፣ ትተንፍስ ታልቅስ አላውቅም፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ስሟን እየጮህኩ ካቻቢቴውን መሬት ላይ በዳበሳ አገኘሁት፣ ስንጥቁ ውስጥ ሰክቼ በኃይል ወደ ራሴ ሳብኩት፣ እንጨቱ ተሰነጠቀና ተከፈተ።

ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ፒጃማዋ ላይ፣ ፀጉሯ ላይ፣ እጇ ላይ፣ የቀለም ጠብታ እንኳን የለም። አላለቀሰችም። አየችኝ፣ ከዚያ ዞር ብላ ከኋላዋ ያለውን ባዶ እንጨት አየች፣ ተመልሳ ደግሞ እኔን አየችኝ፣ «ዩ ወር ሂር» አለችኝ፣ «እዚህ ነበርሽ እኮ፣ አጠገቤ።»

በረከት ሲመጣ ልጅቷን ታቅፌ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው ያገኘኝ፣ ቤት መግባት አልቻልኩም። ነገርኩት። «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ሳትቀቢው በፊት ገብታ ይሆናላ፣ ልጅ ናት» አለኝ።

«እግሯን ተሻግሬ አለፍኩ እያልኩህ!»

ልጅቷን እንዳቀፍኩ ጋራዡ ይዤው ገባሁ። ያልተሰነጠቀውን በር ዘግቶ፣ ሌላውን ገርበብ አድርጎ፣ ቀለሙን ሳይነካ ለመግባት ሞከረ፣ በጎን፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሆዱን ስቦ፣ ትከሻው ነጭ ሆኖ ወጣ። ጀርባውን ፈተሸ፣ ግድግዳ ተጠግቶ የቆመ ደህና እንጨት ነው። ከዚያ መጸለይ ጀመረና መሃል ላይ ትቶ ቀለሙን ከትከሻው ይጠርግ ጀመር፣ እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው፣ ያንን ሰው ጸሎት ሲጠፋው አይቼ አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ከጓደኛው ጋር ጫኑት፣ ለሌላ ልጅ እንዳይተርፍ ብዬ መንገድ ዳር አላስቀምጠውም አልኩ፣ እስከ ቆሻሻ መጣያው ተከትዬ ሄጄ ማሽኑ ሲሰባብረው ቆሜ አየሁ።

ሥራ ስሄድ ልጄን የሚጠብቁልኝ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ አቤት ማለትን አስተማርሻት፣ ደግ አደረግሽ» አሉኝ፣ «ያላዩት ሰው ሲጠራ ግን ሦስት ጊዜ ሳይደግም አቤት አይባልም፣ ይሄንንስ አልነገርሻትም?»

«እርስዎ ደግሞ እትዬ፣ እኔ በዚህ አላምንም» አልኳቸው።

«እኔ ስለ አንቺ ማመን መቼ ጠየቅኩሽ?»

ከዚያ ወዲህ ልጄን ከሌላ ክፍል ሆኜ ጠርቻት አላውቅም፣ ስፈልጋት እሄዳለሁ። ቁም ሳጥኑ ተሰባብሯል፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ነገሩ እዚያ አለቀ ብዬ ነበር። በቀደም ጠዋት ትምህርት ቤት ልናረፍድ ሆነ፣ ጫማዋን ይዤ ክፍሏ በር ላይ ቆምኩና «ነይ እናቴ፣ እንሂድ» አልኳት። ከአልጋዋ አልተነሳችም። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ገበያ ላይ የማታውቀው ሰው ሲያናግራት እንደምታየው።

«አንቺ የትኛዋ ነሽ?» አለችኝ፣ በአማርኛ።

«ምን ማለት ነው የትኛዋ? እናትሽ ነኛ!» አልኩ፣ ልስቅ ሞክሬ።

«እሷም እንደዚህ ነው ያለችኝ» አለችና እግሮቿን ወደ አልጋው ሰበሰበች።