ረገጥ... ለቀቅ...

ማመን ያቃተው ሰው አንብቦ ይለፈው። እኔ ግን አልፈጠርኩትም። በራሴ ላይ፣ በራሴ ጂፕ ውስጥ የሆነ ነው።

ጨለማ አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ነው። ቦታው ከሳን ኤሚግዲዮ ከፍ ብሎ ያለው፣ የቀርከሃው ኩርባ የምንለው መታጠፊያ። ዝናብ ይጥል ነበር...

ከዚያ በፊት የሆነውን ግን መናገር አለብኝ። ያሳፍረኛል። ቢሆንም ሌላ ሰው ከሚያወራው እኔው ላውራው።

ስሜ ኤቬሊዮ ነው። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። እዚህ ኮሎምቢያ ተራራ ላይ ሙዝም ሰውም የሚያመላልሰው አሮጌ ጂፕ ነው፤ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ። አንድም ቀን "ጎበዝ ሾፌር" ያለኝ የለም።

በማን ምክንያት? በዶን አርሴሲዮ።

ዶን አርሴሲዮ የጂፕ ተራው አንጋፋ ነበር። አንድ ቀን አደባባዩ ላይ፣ ሾፌሩ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጎማዬን ጎንበስ ብሎ አየው። በፍሬን ብዛት አንድ ቦታው ላይ ተልጧል።

"ይሄ ልጅ እኮ እግር የለውም!" አለ። "መዶሻ ነው የተገጠመለት!"

አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "መዶሻው" ሆኖ ቀረ።

ከሳቁ በኋላ ትከሻዬን ይዞ ሊያስተምረኝ ሞከረ። "ስማ የኔ ልጅ፣ እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን አይደፈጠጥም። ረገጥ... ለቀቅ... ረገጥ... ለቀቅ። ጎማው አንዴ ከተያዘ መሪው አይታዘዝህም። መኪናው እንደ ሳሙና ነው የሚሄደው።"

እውነቱን ነበር። ያናደደኝም እሱ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የእሱ ጂፕ ጋራዥ ስለገባ ዶን አርሴሲዮ ከእኔ ጋር ተሳፈረ። ጋቢና፣ አጠገቤ። ከኋላ ሙዝ ብቻ ነው የጫንኩት። ዝናብ ነበር። ቁልቁለቱን ስንጀምር ቀኝ እግሩ ወለሉን መምታት ጀመረ።

ረገጥ... ለቀቅ...

"ዶን አርሴሲዮ፣ እግርዎን ይሰብስቡ።"

"አንተ የራስህን አለስልስ፣ እኔ እሰበስባለሁ።"

ኩርባው ጋ ስንደርስ አንዲት በቅሎ መንገዱ መሃል ቆማለች።

"ረገጥ..." አለ ወዲያው።

እልህ ያዘኝ። አውቄ ደፈጠጥኩት። እስከ ወለሉ።

አራቱም ጎማ ተያዘ። መሪውን ጠመዘዝኩ... ጂፑ አልሰማኝም። በጎኑ ተንሸራተተና በእሱ በኩል ከአለቱ ጋር ተላተመ።

በቅሎዋ አልተነካችም። እኔ ግንባሬን ተጫርኩ።

እሱ ሞተ።

ፖሊሱ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀኝ።

"መሪውን ነጠቀኝ" አልኩ።

አዎ። እንደዚያ አልኩ።

በእኛ አገር በየሐምሌው የሾፌሮች በዓል አለ። ጂፖቹ ይባረካሉ፣ መንገድ ላይ የሞቱ ሾፌሮች ስም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ በአንድ ይነበባል። የዶን አርሴሲዮ ስም ግን አልተነበበም። የሰው መሪ የሚነጥቅ ሾፌር አይደለም ተባለ። ፎቶውንም ከተራው ግድግዳ ላይ አወረዱት።

"ምስማሩን መዶሻው ይንቀለው!" ብለው ሳቁ።

እኔ ነቀልኩት።

ጂፔ ተጠግኖ ሲወጣ ወለሉ ላይ አዲስ ላስቲክ አነጠፍኩ። ወር ሳይሞላው በጋቢናው በኩል አንድ ቦታ ላይ ሳሳ...

"አንተ መዶሻው" አለኝ ፋብሪሲያኖ፣ ሥጋ ሻጩ፣ አንድ ቀን ሲሳፈር። "እዚህ ማንን ነው የምታስጨፍረው?"

"ማንንም።"

"ታዲያ ላስቲኩን አይጥ በላው?"

ቀየርኩት። ደግሞ ሳሳ። እዚያው ቦታ።

ዘንድሮ በዓሉ ስድስት ቀን ሲቀረው የዶን አርሴሲዮ ሚስት፣ ዶኛ ኦቲሊያ፣ ተራው ድረስ መጣች።

"ቤተ ክርስቲያን ውሰደኝ" አለች። "አባ ሊሳንድሮ፣ ኤቬሊዮ በአንደበቱ መሪውን አልነጠቀኝም ካለ የባልሽን ስም አነባለሁ ብለውኛል።"

እምቢ ማለት አቃተኝ። ጋቢና ወጣች። አጭር ሴት ናት፤ እግሯ ወለሉ ጋ አይደርስም፣ ተንጠልጥሎ ነው የሚቀረው።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ። የቀርከሃው ኩርባ። ዝናብ።

ረገጥ... ለቀቅ...

"ሰማኸው?" አለች በሹክሹክታ።

"ሞተሩ ነው።"

"ሞተር አይደለም።"

እግሯን አየሁ። አይንቀሳቀስም።

ከፊታችን የወደቀ ቀርከሃ መንገዱን ዘግቶታል። እግሬ ፍሬኑን ሊደፈጥጠው ወረደ...

የሆነ ነገር ከላይ፣ እግሬ ላይ አረፈ።

ከባድ ነው። ቀዝቃዛ።

እግሬን ረገጥ አደረገው። ለቀቀው። ረገጥ። ለቀቅ። እኔ አይደለሁም! ጂፑ ሳይንሸራተት፣ ቀጥ እንዳለ፣ ቀርከሃው ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

ዶኛ ኦቲሊያ አማተበች።

"እንደዚህ የሚያቆም አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው" አለች። ወደ እኔ ዞረችና... "ልጄ፣ መሪውን ነጥቆሃል?"

"ለአባ እነግራቸዋለሁ።"

ልነግራቸው ነበር። በማርያም፣ ልነግራቸው ነበር።

ቀርከሃውን ጎትቼ መንገዱን ከፈትኩ። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ አባ ሊሳንድሮ ደብተሩን ዘረጉ፣ ብዕሩን አነሱ። "ኤቬሊዮ፣ ነጥቆሃል ወይስ አልነጠቀህም?"

በሩ ላይ ጂፓቸውን ለበዓሉ ሊያስመዘግቡ የመጡ ሾፌሮች ቆመዋል። አንዱ ለሌላው "መዶሻው መጣ" ሲል ሰማሁት። ሁለቱም ሳቁ።

"ነጥቆኛል" አልኩ።

አባ ብዕሩን መልሰው አስቀመጡት። ዶኛ ኦቲሊያ አላለቀሰችም። ብቻ እጄን አየችው፣ ፊቴን ሳይሆን እጄን።

ከጠረጴዛው ስር፣ እግሬ ላይ...

ረገጥ።

ለቀቅ እስኪል ጠበቅኩ።

አልለቀቀም።

ስድስት ቀን እያነከስኩ ዋልኩ። ጫማውን ሳወልቅም ክብደቱ አለ። በስድስቱም ቀን ጠብታ ዝናብ አልወረደም።

የበዓሉ ዕለት ስሞቹ ተነበቡ። የእሱ የለም። እግሬን እየጎተትኩ ወጥቼ ጂፔን ተደገፍኩ። ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል።

ዶኛ ኦቲሊያ መጣችና ቁልቁል አየች። እኔም አየሁ።

ቡትስ ጫማዬ ላይ፣ ከላይ፣ እርጥብ ጭቃ... የጫማ ሶል ቅርጽ። ተረከዙ በአንድ በኩል የተበላ።

"ጫማው እዚህ ጋ ነበር የሚበላበት" አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

ከዚያ ያቺ አሮጊት እግሬ ስር ተንበረከከች። የራሷን ሻርፕ አውልቃ ጫማዬን ጠረገችው። ሰው ሁሉ እያየ!

"አርሴሲዮ..." አለች በሹክሹክታ። "ይበቃዋል። ልቀቀው።"

ለቀቀኝ።

በስድስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቶቼ ደም አገኙ። "አልነጠቀኝም" ልል አፌን ከፈትኩ...

ሾፌሮቹ ለበረከቱ ጡሩንባቸውን አንድ ላይ ለቀቁት። ቀና ስል ሁሉም ወደ እኔ እያዩ ነው።

አፌን ዘጋሁ።

አሁን በጠረገችው ንጹሕ የጫማ ቆዳ ላይ፣ በሁለታችን ዓይን ፊት፣ መጀመሪያ ተረከዙ... ከዚያ ቀስ ብሎ ጣቶቹ... ጭቃው ወጣ።

ረገጥ።